ጂኖሚክስ ከታካሚው አልጋ የሚደርሰው በነርሷ በኩል ነው

ከዐሥር ዓመት በፊት በአውሮፓ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ የመንጋጋ ጥርሴን አስነቅዬ ወደ ተማሪዎች መኖሪያ ተመለስሁ። ክሊኒኩ የሰጠኝ የሕመም ማስታገሻ ኮዴይን ያለበት ነበር። በመመሪያው መሠረት ሁለት እንክብል ዋጥሁና ጋደም አልሁ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ የክፍል ጓደኛዬ ትከሻዬን እየነቀነቀ፣ ስሜን ደጋግሞ እየጠራ ቀሰቀሰኝ። ራሴ ይዞራል፤ ትንፋሼ ከብዶኛል፤ የት እንዳለሁ ለመለየት እንኳ ጥቂት ደቂቃዎች ፈጅቶብኛል። ወደ ክሊኒኩ ስደውል ያነጋገረችኝ ነርስ ትሑትና ታጋሽ ነበረች። ድካም ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ፤ ሕመሙ ከተመለሰም መድኃኒቱን እንድቀጥል መከረችኝ። ቤተ ሰቤ ከየት አገር እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኋትም፤ አገሬንና የጥርስ ሕመሜን ምን ያገናኛቸዋል ብዬ?

የሚያገናኛቸው ነገር መኖሩን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ የሳይንስ ዘገባ መሥራት ስጀምር ነው። በ1996 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ከመቶ በላይ ጤናማ ኢትዮጵያውያንን መርምረው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። የመረመሩት በጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያብላላውን፣ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ኢንዛይም የሚያዝዘውን ጂን ነበር። አብዛኛው ሰው ከዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ግን 29 በመቶ የሚሆኑት ጂኑ ተባዝቶ ከሁለት በላይ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ተመሳሳዩ ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ሕመምን የሚያስታግሠው ጉበት ከደረሰ በኋላ ይኸው ኢንዛይም ጥቂቱን ክፍል፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ5 እስከ 10 በመቶውን፣ ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ጂኑ የተባዛበት ሰው ኢንዛይሙ ስለሚበዛ፣ ከዚያው እንክብል የሚያገኘው ሞርፊን ይበዛል፤ የሚያገኘውም ቶሎ ነው። ሞርፊን ሲበዛ እንቅልፍ ያከብዳል፤ ከዚያም ትንፋሽን ያዘገያል። በተለይ ለሕፃናትና ጡት ለሚጠቡ ጨቅላዎች አደጋው ከባድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለው፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይታዘዝ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ከኮዴይን ጋር ለዓመታት ሲሰራጭ በነበረው የመድኃኒት መግለጫ ላይም የኢትዮጵያውያን ስም በግልጽ ሰፍሮ ነበር፦ ይህ ፈጣን ባሕርይ በሰሜን አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንና በዐረቦች ዘንድ ከ16 እስከ 28 በመቶ፣ በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ ደግሞ 3 በመቶ እንደሚገመት ይገልጽ ነበር።

እኔ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ መሆን አለመሆኔን እስከ ዛሬ አልተመረመርሁም፤ ስለዚህ የዚያን ቀን እንቅልፌን በጂኔ ላይ አላሳብብም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ እንክብሉን ስውጥ ጥናቱ ከታተመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እውቀቱ በቤተ መጻሕፍት አለ፤ በመድኃኒት መግለጫው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ስልኩን ካነሣችው ነርስ ግን አልደረሰም። እርሷን አልወቅስም፤ ማንም አላስተማራትም።

መስመሩ በላይ የሚያልፍበት መንደር

በአገራችን ገጠር የተጓዘ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ታላላቅ የብረት ምሰሶዎች ተራራ ለተራራ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ በላያቸው የተዘረጋው ሽቦ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል። ከሥሩ ያለው መንደር ግን ማታ ማታ የሚያበራው ኩራዝ ነው። ኃይል ጠፍቶ አይደለም። ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ለአንድ ቤት አምፖል የሚመጥን የሚያደርገው ትራንስፎርመር በመንደሩ ስለሌለ ነው።

ጂኖሚክስም ዛሬ ያለበት ሁኔታ ይህን ይመስላል። ጂኖሚክስ ስንል ሃያ ሺህ ገደማ የሚሆኑትን የሰው ጂኖች በጠቅላላ፣ እርስ በርሳቸውና ከአኗኗራችን ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናውን የሳይንስ ዘርፍ ማለታችን ነው። በ1990 የተጀመረው የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት በ2003 ሲጠናቀቅ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር፤ ዛሬ የአንድን ሰው ጂኖም ለማንበብ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ይበቃል። እንግሊዝ የመቶ ሺህ ጂኖሞችን ንባብ በ2018 አጠናቃለች። መስመሩ ተዘርግቷል። የጎደለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ እርሱም በእኔ እምነት ነርስ ናት።

ነርስ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች እንዳሉ ገልጿል፤ ከጤና ባለሙያዎች ሁሉ በቁጥር የሚበዙት እነርሱ ናቸው። የዘረ መል ሐኪሞችና አማካሪዎች ግን በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ጥቂት ናቸው፤ በብዙ አገሮች ደግሞ ጭራሽ የሉም። ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ታካሚው ሲገባ የምትመዘግበው፣ መድኃኒቱን በእጇ የምትሰጠው፣ ሌሊት ሲቃዥ የምትሰማው፣ ሲወጣም መመሪያውን የምታስረዳው ነርሷ ናት። እውቀቱ በእርሷ በኩል ካላለፈ በሌላ በየት በኩል ያልፋል?

ነርሷ ምን ትማር?

ይህን ሐሳብ ሳነሣ አንዳንድ ሰዎች ነርሶች የቤተ ሙከራ ሳይንቲስት ይሁኑ ያልሁ ይመስላቸዋል። አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምፖል ለመትከል የግድብ ሥራ መማር እንደማያስፈልገው ሁሉ ነርስም ዲኤንኤ በመሣሪያ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ አይጠበቅባትም። የሚያስፈልጋት ሦስት ችሎታ ነው፦ መጠየቅ፣ ማስተዋልና ማስተላለፍ።

የመጀመሪያው መጠየቅ ነው። እስከ ዛሬ ከተፈለሰፉት የጂኖሚክስ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ የቤተ ሰብ የጤና ታሪክ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። ነርሷ ሦስት ትውልድ ታነሣለች፤ ማን በምን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ ታመመ፣ ማን ድንገት ሞተ፣ ማን ማደንዘዣ ተሰጥቶት ችግር ገጠመው ብላ ትጠይቃለች። ለምሳሌ አንዲት የ34 ዓመት ሴት እናቷ በ41 ዓመታቸው በጡት ካንሰር፣ አክስቷ ደግሞ በእንቁላል ዕጢ ካንሰር እንደሞቱ ከተናገረች፣ ያ በእናት ወገን የሚወርድ የጂን ለውጥ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት ነው። የዕድሜው ቁጥር ካልተጠየቀ ግን ምልክቱ አይታይም፤ በመዝገቡ ላይ «በቤተ ሰብ ካንሰር አለ» ተብሎ ይጻፍና ያበቃል። በአባት ወገን ያለው ታሪክም እኩል ዋጋ አለው። ወንድ የጡት ካንሰርን አደጋ የሚያመጣውን ጂን ሳይታመምበት ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ጠያቂ ግን ስለ እናት ብቻ ጠይቆ ያልፋል።

በዚህ ረገድ እኛ ድሆች አይደለንም። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ሦስት ትውልድ አያቅተውም። አያቶቻችን የቅድመ አያታቸውን ወንድም ልጆች ስም ሳይሳሳቱ ይዘረዝራሉ። ችግሩ ስሙን እንጂ በሽታውን አለመቁጠራችን ነው። «በድንገት ዐረፈ»፣ «ውስጡን አሞት ነበር»፣ «የማይነገር በሽታ ነው» እያልን እንሸፍነዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አነጋገር የራሳችን ሆኖ ሳለ በቤተ ሰብ ደረጃ ግን አንሠራበትም። አማርኛ የምትናገር ነርስ ይህን ሽፋን እንዴት በአክብሮት እንደምትገልጠው ታውቃለች፤ ምን ፈልጋ እንደምትገልጠው ግን ልትማር ይገባታል።

ሁለተኛው ማስተዋል ነው። ያው ኢንዛይም አንዳንድ መድኃኒቶችን ሲያበረታ ሌሎችን ቶሎ አፍርሶ ያስወግዳቸዋል። ለነርቭ ሕመምና ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ማስታወክን ለመከላከል የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጂኑ የተባዛበት ታካሚ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ «አልሠራልኝም» ሊል ይችላል። ያልተማረ ጆሮ ይህን ሲሰማ «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም» ብሎ ይመዘግባል። የተማረ ጆሮ ግን ሁለተኛውን ምክንያት ያስባል፤ ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱም ያሳስባል። ያ አንድ መስመር ማስታወሻ ታካሚውን ከሐሰት ወቀሳ ያድነዋል።

ሦስተኛው ማስተላለፍ ነው። የጂን ምርመራ ውጤት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ወንድም፣ እህትና ልጅ ይጋሩታል። ታካሚው ውጤቱን ለቤተ ሰቡ እንዲነግር ማገዝ፣ «አደጋ አለ» ማለት «በሽታ መጣ» ማለት አለመሆኑን ማስረዳት፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውንም ወደ ባለሙያው መምራት ከባድ ችሎታ ነው። ይህ ከማጽናናት ጋር የተያያዘ ነው፤ ማጽናናትም የነርስ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀበት ነው።

በማንችስተር ጨቅላዎች ክፍል

ይህ ሁሉ ምኞት ብቻ እንዳይመስል በተግባር የታየ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጄንታማይሲን በእኛም አገር የታወቀ ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ነው፤ በኢንፌክሽን የተጠረጠሩ ጨቅላዎችን ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ የሚገኝ፣ ከእናት ብቻ የሚወረስ አንድ የጂን ለውጥ አለ፤ ይህ ለውጥ ያለበት ሕፃን መድኃኒቱ ሲሰጠው የመስማት ችሎታውን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ችግሩ ጊዜ ነበር። በኢንፌክሽን የተጠረጠረ ጨቅላ መድኃኒቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት፤ የተለመደው የጂን ምርመራ ግን ቀናት ይወስዳል።

በእንግሊዝ የማንችስተር ተመራማሪዎች በ2020 በሁለት ሆስፒታሎች፣ በማንችስተርና በሊቨርፑል፣ ከአልጋው አጠገብ የሚሠራ አነስተኛ መሣሪያ ሞከሩ። የክፍሉ ሠራተኞች የሕፃኑን ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በጥጥ እንጨት ይጠርጋሉ፤ መሣሪያው ውስጥ ያስገባሉ፤ ውጤቱ በ26 ደቂቃ ይደርሳል። በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት 751 ጨቅላዎች በጥናቱ ተካትተዋል፤ ሦስቱ ለውጡ ተገኘባቸውና ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። የፀረ ባክቴሪያው አሰጣጥም አልዘገየም። ሦስት ከ751 ጥቂት ይመስላል። ለሦስቱ እናቶች ግን ቁጥሩ ጥቂት አይደለም፤ ልጃቸው ስሙን ሲጠራ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለው ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሳበኝ መሣሪያው አይደለም፤ እኔ መሐንዲስ ነኝና መሣሪያ አያስደንቀኝም። የሳበኝ ምርመራው ከሩቅ ቤተ ሙከራ ወጥቶ የሕፃኑ ክፍል የዘወትር ሥራ አካል መሆኑ ነው። ሙቀት ይለካል፣ ክብደት ይመዘናል፣ ጉንጭ ይጠረጋል። የዘወትር ክብካቤ ማለት ይህ ነው።

ሳጥኑ የማይናገረው

በአሜሪካ ሆስፒታል የሚገባ ኢትዮጵያዊ ቅጽ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ «ጥቁር» ወይም «አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያደርጋል፤ ሌላ የሚስማማው የለም። በጂኖሚክስ ዓይን ግን ያ ሳጥን በሁለት አቅጣጫ ያሳስታል።

በኮዴይን ረገድ ሳጥኑ አደጋውን ያሳንሰዋል። ከላይ እንዳየነው ለአፍሪካ አሜሪካውያን የተገመተው 3 በመቶ፣ ለኢትዮጵያውያን የተገመተው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። በኩላሊት ረገድ ደግሞ ሳጥኑ አደጋውን ያጋንነዋል። በ2010 የታወቁት አፖኤል1 የሚባለው ጂን ለውጦች የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የኩላሊት በሽታን አደጋ በእጅጉ ይጨምራሉ፤ ከአፍሪካ አሜሪካውያን 13 በመቶ ገደማ ሁለት የአደጋ ቅጂ ይዘዋል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን እነዚህ ለውጦች የሉም ለማለት የሚያስደፍር ያህል ብርቅ ናቸው። አንድ ሳጥን፣ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት።

መፍትሔው ግን ሌላ ሳጥን መጨመር፣ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ መጻፍና በዚያ መፍረድ አይደለም። 29 በመቶ ማለት 71 በመቶው የተባዛ ጂን አልተገኘበትም ማለት ነው። የትውልድ ቦታ ለመጠየቅና ለመመርመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሆንም። ይህን ልዩነት ለነርሶች ማስተማር ከማንኛውም የጂን ስም ይልቅ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ልዩነቱን ሳያውቅ ስለ ዝርያ የሚናገር ባለሙያ ከማያውቀው ይልቅ ጎጂ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጉዳይ አለ። «ዘር» የሚለው ቃላችን እህልንም፣ ትውልድንም፣ ብሔርንም ይሸከማል። ባለፉት ዓመታት በዚህ ቃል ስም የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት ነርስ ለአንድ አዛውንት «ዘርዎ ምንድን ነው?» ብትላቸው የሚሰሙት የጤና ጥያቄ አይሆንም። «መድኃኒት ሲወስዱ ቤተ ሰብዎ ውስጥ ያልተለመደ ነገር የገጠመው ሰው ነበር? ወላጆችዎና አያቶችዎ የኖሩት የት ነው? ይህን የምጠይቅዎ የሚሰጥዎትን መድኃኒት ለመምረጥ ነው» ብትላቸው ግን ጥያቄው ያው ሆኖ ሳለ ልብ አይዘጋም። ይህን አጠያየቅ የትኛውም የውጭ መማሪያ መጽሐፍ አያስተምረውም፤ ከእኛው መካከል ያሉ ነርሶች ናቸው ሊያዘጋጁት የሚችሉት።

ለምን ዘገየ?

ጥሪው አዲስ አይደለም። በጄኔቲክስ ላይ የሚሠሩ ነርሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1988 ተመሥርቷል። በ2006 በአሜሪካ ማንኛውም ነርስ ሊኖረው የሚገባው የጄኔቲክስና የጂኖሚክስ ችሎታ ተዘርዝሮ ታትሟል፤ በርካታ የነርሶች ማኅበራትም ደግፈውታል። እንግሊዝ በ2014 ለጤና ሠራተኞቿ የጂኖሚክስ ትምህርት ፕሮግራም ጀምራለች። ከዚህ ሁሉ በኋላም በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ነርሶች በዚህ ዘርፍ ያላቸው እውቀት ዝቅተኛ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

ምክንያቱ የነርሶች ስንፍና አይደለም። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ስላልተማሩት አያስተምሩትም። በሙያ ፈተናው ላይ ክብደት ስለማይሰጠው ተማሪው አይጨነቅበትም። የክፍል ኃላፊዋ ስለማታውቀው ጀማሪዋ ብትጠይቅ መልስ አታገኝም። ትምህርቱ ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ ከሜንዴል አተር ተነሥቶ ወደ ክሮሞዞም ሥዕል ያመራል፤ አልጋው አጠገብ ሳይደርስ ደወል ይደወላል። እኔ የምለው አቅጣጫው ይገልበጥ ነው። ትምህርቱ ከታካሚው ይጀምር፤ ከሕመም ማስታገሻው፣ ከጨቅላው መርፌ፣ ከእናትየዋ ታሪክ ተነሥቶ ወደ ጂኑ ይውረድ። ለብቻው በሚቆም አንድ ኮርስ ሳይሆን በመድኃኒት አሰጣጥ፣ በወሊድ፣ በሕፃናትና በካንሰር ትምህርቶች ውስጥ ተሰባጥሮ ይሰጥ።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2015 ኮዴይን በአገሪቱ ጥቅም ላይ እንዳይውል አገደ። በሕዝቡ የጂን መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ውሳኔ መስጠት በአፍሪካ ብርቅ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ዛሬም በሰፊው ይታዘዛል። እርሱንም ወደ ኃይለኛ ቅርጹ የሚለውጠው ያው ኢንዛይም ነው፤ የአሜሪካው የ2017 ማስጠንቀቂያም ሁለቱን በአንድነት ይመለከት ነበር። እገዳ አንዱን በር ይዘጋል። ምክንያቱን የተረዳች ነርስ ግን ሁለተኛውንም በር ትጠብቃለች፤ ትራማዶል የተሰጠው ታካሚ ከልክ በላይ ሲያንቀላፋ «ደክሞት ነው» ብላ አታልፍም።

ሥራ የበዛበት ሰው ላይ ሌላ ሸክም?

በጣም ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው። ነርሶች አሁንም ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። አንዲት ነርስ ሠላሳ አልጋ በምትጠብቅበት ክፍል ስለ ጂን ማውራት ቅንጦት አይሆንም? በአገራችን ጓንትና ኦክሲጅን በሚያጥርበት ጤና ጣቢያስ?

ተቃውሞው እውነት አለው። ምርመራው በሌለበት ቦታ ስለ ምርመራ ማስተማር ትርፍ የለውም። መጠየቅና ማስተዋል ግን መሣሪያ አይፈልጉም። በኢትዮጵያ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየጤና ኬላው የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ መረጃ የሚይዝ የቤተ ሰብ ማኅደር አስቀምጧል። ብዙ ሀብታም አገሮች የታካሚን መዝገብ የሚይዙት በግለሰብ ነው፤ እኛ በቤተ ሰብ መያዝን አስቀድመን ጀምረናል። በዚያ ማኅደር ውስጥ «በዚህ ቤት መድኃኒት ያስቸገረው ሰው አለ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ቢሊዮን አይጠይቅም። ደግሞም አላስፈላጊ ጉዳትን መከላከል ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ትንፋሹ የዘገየን ታካሚ ማዳን ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ እጅና ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

እምነት ያልተሞላበት ናሙና

ሌላው ተቃውሞ የፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ጥናታቸውን ባሳተሙበት በዚያው በ1996 መጀመሪያ፣ በእስራኤል ኢትዮጵያውያን አይሁድ የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል እንደኖረ በጋዜጣ ተጋለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። ያን ቀን የሚያስታውስ አባት የልጁን ናሙና እንዲሰጥ ሲጠየቅ ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል? በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ እኅቶቻችንም ደም የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ለመኖሪያ ፈቃድ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ ውጤቱ ከአገር ሊያስባርራቸው ይችላልና የደም ናሙና በእነርሱ ዘንድ የሚያስፈራ ነገር ነው። በአሜሪካ በ2008 የወጣው ሕግ የጤና መድን ድርጅቶችና አሠሪዎች በጂን መረጃ አድልዎ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፤ የሕይወት መድንን ግን አይሸፍንም።

ይህን ሁሉ ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ መንገር ያለበት ማነው? ምን እንደሚመረመር፣ ምን እንደማይመረመር፣ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ እምቢ የማለት መብት እንዳለው የሚያስረዳው ማነው? ፊርማ የሚቀበለው ቅጽ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ፍርሃቱ ነርሶችን ላለማስተማር ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ለማስተማር ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ነው። እውቀት የሌላት ነርስ ልታረጋጋ አትችልም፤ «ግዴለም፣ ይፈርሙ» ከማለት ውጪ ምርጫ የላትም።

ከእኛ የሚጠበቀው

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በነርስነትና በረዳት ነርስነት የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በየቤቱ አንድ የዘመድ ነርስ አለች፤ ሰው ሲታመም ከሐኪሙ በፊት የሚደወልላት እርሷ ናት። እነዚህ ባለሙያዎች በሚሠሩበት አገር ያለውን የጂኖሚክስ ሥልጠና ፈልገው ቢወስዱ፣ የሙያ ማኅበሮቻቸውም አማርኛ የሆነ አጭር የአጠያየቅ መመሪያ ቢያዘጋጁ፣ በአገር ቤት ላሉ የነርስና የአዋላጅ ትምህርት ቤቶችም ቢያካፍሉ፣ ከማንኛውም መንግሥት ቀድመው ብዙ ሥራ ይሠራሉ።

ከቀረነውም የሚጠበቅ አለ። ቤተ ሰብ በተሰበሰበበት በዓል፣ ቡናው ሲፈላ፣ ማን በስንት ዓመቱ በምን እንደታመመ አዛውንቶቹን ጠይቀን እንጻፍ። መድኃኒት ያስቸገረን ሰው እንዳለ እንመዝግብ። ወደ ሕክምና ስንሄድ ሳንጠየቅም እንናገር። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጥ እንዳይኖር ግን አደራ እላለሁ፤ የሚጠረጠር ነገር ካለ የሚወሰነው ከሐኪም ወይም ከፋርማሲስት ጋር ነው።

ያቺ በስልክ ያነጋገረችኝ ነርስ ዛሬም በሥራ ላይ ሳትሆን አትቀርም። ምናልባት በዚህ ሳምንት አንዲት የወለደች ኢትዮጵያዊት ደውላላት ይሆናል፤ ማስታገሻውን ከወሰድሁ ወዲህ ልጄ ጡት አልጠባ ብሎ ይተኛል እያለቻት። ነርሷ ያን ቀን ለእኔ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ለእርሷ ጠይቃት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። መልሱ በእርሷ ደግነት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ደግ መሆኗን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተመሠረተው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው አስቀምጦ አስተምሯት እንደሆነ ነው።